ከበገናው ሥር ያለው ድምፅ

ላሊበላ፣ ኅዳር 23 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ተሻግራም ላልረሳችን ለእትዬ የትናየት ወልደ ኪዳን፣

የላስታ ብርድ አይንካሽ ብዬ እንዳልመርቅሽ፣ አንቺ ያለሽበት ብርድ የእኛን ብርድ ከቁም ነገር አይቆጥረውም ይላሉ። ስለዚህ እመቤታችን ሙቀቷን ትስጥሽ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን። አክስትሽ፣ እናቴ አስቻለች፣ ከጉልበቷ በቀር ምንም አላመማትም። ባለቤቴ ማሚቱ «ሳልስማት ደብዳቤው እንዳይታሸግ» ብላለችና ስማሻለች። አባትሽ መምህር ወልደ ኪዳንም ማኅሌቱንም ቅዳሴውንም ሳያስታጉሉ አሉ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ጉዳይ አለኝ። ደግሞ ገንዘብ ሊጠይቅ ነው ብለሽ ፊትሽን አታጥቁሪ። የምለምንሽ እውቀት ነው።

እንደምታውቂው የፊት ለፊቷን ክፍል ከሱቅነት አውጥቼ መቅጃ ቤት አድርጌያታለሁ። ግድግዳውን በብርድ ልብስና በስፖንጅ ለበጥኩት። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ሚክሰርና አንድ ማይክ አለኝ። የሰንበት ተማሪዎች መዝሙር፣ የሠርግ ዘፈን፣ ሲደብረኝም የራሴን ክራር እቀዳለሁ። ሰፈርተኛው «የምሥጋናው ስቱዲዮ» ይላታል፤ ብርድ ልብሶቿን የወሰድኩባት ማሚቱ ግን «የምሥጋናው አልጋ» ነው የምትላት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አባትሽ ከፋሲካ በኋላ ወደ አሸተን ማርያም ሊወጡ ነው። ሊመነኩሱ ቆርጠዋል። እናትሽ ካረፉ ጀምሮ ሲያስቡት የነበረ ነገር ነው፤ ዘንድሮ ግን ቤታቸውን ለማን እንደሚተዉ ሁሉ ተናግረዋል። በገናቸውን ለገዳሙ ይሰጣሉ። «ከመነኮስኩ በኋላ ጣቴ መቁጠሪያ እንጂ አውታር አይነካም» ነው የሚሉት። እኔም «አጎቴ፣ ሳይመነኩሱ አንድ ጊዜ ልቅዳዎትና ለየትናየት እንላክላት» ብያቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆሙና «በሁዳዴ ጥራኝ። ለእሷ ከሆነ እደረድራለሁ» አሉኝ። በገና ከጾም ውጭ እንደማይነኩ ታውቂያለሽ።

ችግሬ ይኸውልሽ። የምቀዳው ነገር ሁሉ ከሥሩ ይጮሃል። እምምም ይላል። ማንም ሳይዘፍን፣ ማንም ሳይተነፍስ፣ ንብ የገባበት ቀፎ አጠገብ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። የሠርግ ዘፈን ሲሆን ከበሮው ይሸፍነዋል፤ በገና ግን ምን ይሸፍንለታል? ሌላም ጉድ አለ። የሚክሰሩን ብረት በእጄ ስይዘው ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ስለቀው ይመለሳል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ አንዳንዴ ይነዝረኛል። ጎረቤታችን ጋሽ አረጋ «ቦታው ክፉ ነው፤ ጠበል አስረጭ» ብለውኝ አስረጨሁ። ደግነቱ ዕቃውን ሸፍኜው ነበር። ጠበሉ ለነፍሴ ሳይጠቅመኝ አይቀርም፤ እምምታው ግን እንዳለ ነው።

አንቺ በቲያትር ቤት የድምፅ መሣሪያ የምትጠግኚ ሰው ነሽ። የቀዳሁትን በሲዲ አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ልደውል ብል የእኛ ስልክ እንኳን የበገና የሰውንም ድምፅ በቅጡ አያደርስም። ሁዳዴ ሳይገባ መላ በይኝ።

የላስታ ቅዱሳን ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁኑ።

ታናሽ ወንድምሽ ምሥጋናው


በርገን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ጠፍቶ ለተገኘው ወንድሜ ለምሥጋናው፣

እንደምን ከርማችኋል? ይህ ደብዳቤ የገና እንግዳ ከተማውን ሳያጥለቀልቀው ቢደርስህ ደስ ይለኛል። የአክስቴን ጉልበት ሳምልኝ፤ ማሚቱን ስለ ብርድ ልብሶቿ አጽናናልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ዝናብ ከገባ በኋላ አይወጣም፤ ዘመድ ቤት እንደመጣ እንግዳ ተደላድሎ ይቀመጣል።

ስለ አባዬ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሊመነኩሱ እንደሆነ ለእኔ አልነገሩኝም። ስንደዋወል ጤናዬን ይጠይቁኛል፣ ይመርቁኛል፣ ይዘጋሉ። ምሥጋናው፣ እናቴ ስታርፍ አልደረስኩም። የእሷን ድምፅ የያዘ አንድም ነገር በእጄ የለም፤ አንዳንድ ቀን እንዴት ትጠራኝ እንደነበር ይጠፋኝና እደነግጣለሁ። አባዬን እንደዚያ ላጣቸው አልፈልግም። ስለዚህ ይህን ነገር ከሠርግ ዘፈን እንዳትቆጥረው። የአባዬን በገና ከነነፍሱ ላክልኝ።

አሁን ወደ ንብህ ልምጣ። ሚክሰሩን ስትይዘው ጩኸቱ የሚቀንሰው፣ ኮረንቲው ወደ መሬት መውረጃ ፈልጎ ሲያጣ በአንተ በኩል ስለሚወርድ ነው። ወንድምነትህ ይበቃኛል፤ የኮረንቲ መውረጃ ሆነህ እንዳትቀርብኝ! ቤትህ ኧርዝ የለውም ማለት ነው። የሚነዝርህም ለዚያ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀልድ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ራስህ አትነካካው፤ የሚያውቅ ኤሌክትሪሻን ጥራ። እርጥብ አፈር ውስጥ ረጅም ብረት ይትከልና ከእሱ ሽቦ ስቦ ወደ ሶኬቱ ያምጣልህ። ከዚያ ዕቃህን ሁሉ ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ማከፋፈያ ስካ። ኮምፒዩተሩን ከአንዱ ግድግዳ ሚክሰሩን ከሌላው ከሰካህ በመሀላቸው የሚዞር ጩኸት ይፈጠራል። የማይኩንም ገመድ ከኮረንቲ ገመድ ጋር ጎን ለጎን አታስተኛው፤ ከተኛ ይሰማዋል።

ደግሞ እውነቱን ተናገር። የፕላጉን ሦስተኛ እግር ቆርጠኸዋል አይደል?

ሲዲህ ላይ ክራርህን ሰማሁ። ተሻሽለሃል፤ ግን አንዷ ክር ወርዳለች።

እግዚአብሔር እጅህን ይጠብቅልኝ።

እኅትህ የትናየት


ላሊበላ፣ ጥር 16 ቀን 1999 ዓ.ም.

ሳታይ ሁሉን ለምታየው ለእትዬ የትናየት፣

በሰላም ነሽ ወይ? እኛ ገናውንም ጥምቀቱንም በሰላም አሳለፍን፤ ለአንቺም ጧፍ አብርተናል።

ሦስተኛውን እግር እንደቆረጥኩት ማን ነገረሽ? ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ባለሁለት ቀዳዳ ነበር፤ የፕላጉ እግር ሦስት ሆነ። አንዱ መቀነስ ነበረበት፤ በፒንሳ ቀነስኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና አሁን ሁሉም ተቀይሯል።

ግን እትዬ፣ «እርጥብ አፈር» ብለሽ በቀላሉ ስትጽፊ የተወለድሽበትን አገር ረሳሽው እንዴ? ነገሥታቱ ቤተ ክርስቲያን በፈለፈሉበት ዓለት ላይ ነው የምኖረው! ኤሌክትሪሻኑ ብረቱን ይዞ ቤቱን ዞረው። ክንድ ሳይሞላ ድንጋይ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ድንጋይ። በዚያ ላይ ስንቆፍር ያዩ ጋሽ አረጋ የጥንት ሀብት አገኙ ብለው ለሰፈር አወሩና ሰው አጥር ላይ ተሰለፈ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው ጋሽ አረጋን አያውቃቸውም። በኋላ የቀበሌ ሰውም መጣ፤ ጉድጓዱን አየ፣ ብረቱን አየ፣ እኔን አየኝና «ለኮረንቲ መቃብር ነው እንዴ?» ብሎ ስቆ ሄደ።

በመጨረሻ አፈር የተገኘው ከጓሮ፣ ማሚቱ የልብስ እጣቢ ስትደፋበት በኖረችው ጎመን መደብ ላይ ነው። ብረቱ ተተከለ፤ ኤሌክትሪሻኑ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላበት። ቦታው እንዳይደርቅ ውሃ መጠጣት አለበት ስላለን ማሚቱ «ከእንግዲህ ልብስ የማጥበው ለኮረንቲው ነው» እያለች ታጉረመርማለች። ግን ታጠጣዋለች።

ያን ቀን ሁሉን አበራሁና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ፀጥ! ዝምታ እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም። አባትሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠራኋቸው። ጥምጣማቸውን አውልቀው ማዳመጫውን አደረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ምንም አይሰማኝም» አሉ።

«እሱ ነው አጎቴ!»

«ምንም እንዳይሰማ ነው ይህን ያህል የለፋኸው?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ስለ ምንኩስናቸው ለምን እንዳልነገሩሽ አልጠየቅኋቸውም፤ አልደፈርኩም። ደብዳቤሽን ግን እኔ ነኝ የማነብላቸው፤ ዓይናቸው ደቃቅ ጽሕፈት አይለይም። «ልጄ ምን አለች?» ይላሉ፤ ቃል በቃል ካልሆነ አይቀበሉም።

የማሚቱን መዝሙር በሲዲ ልኬያለሁ። እምምታው ሄዷል። ቀጭን ዝዝታ ግን ትንሽ የቀረ ይመስለኛል። ቢያባርሩት የማይሄድ ዝንብ አይነት ነው። ስሚና ፍረጂ።

ወንድምሽ ምሥጋናው


በርገን፣ የካቲት 1 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጎበዙ ወንድሜ፣

በጉድጓዱ ወሬ ቲያትር ቤቱን ሁሉ አሳቅሁት፤ ተርጉሜ ነገርኳቸው። «ዓለት ላይ ኧርዝ» የሚል ነገር ሰምተው አያውቁም። ለማሚቱ ድምፅዋ ወርቅ ነው በልልኝ፤ ውሃ ማጠጣቷንም እንዳትተው።

እምምታው ድራሹ ጠፍቷል። የቀረችውን ዝዝታ እኔም ሰማኋት። ጣሪያው ላይ ያለው ረጅሙ ፍሎረሰንት ናት ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ካልሆነም ማይኩ ወደ ኮምፒዩተሩ ስክሪን ተጠግቷል። ፍሎረሰንቱን አጥፉና በጧፍ ቅዱ። አባዬ በጧፍ ይሻላቸዋል።

ሁዳዴ እየገባ ነውና ሌላ ደብዳቤ መመላለሻ ጊዜ የለንም። ስለዚህ ቃሌ አንድ ነው። ዝዝ የሚል ነገር አንድም እንዳይቀርብኝ። አንድ በአንድ እያወጣችሁ ከእያንዳንዱ በኋላ አዳምጡ። ዝዝታው ሲጠፋ ያኔ ቅዱ። በገናው ከሥሩ ምንም ሳይኖር፣ እንደ አዲስ ሸማ ንጹሕ ሆኖ ይምጣልኝ።

ለአባዬ አንብብላቸው። ጉልበታቸውን እንደሳምኩ ንገርልኝ፤ ጾሙን በብርታት ያስፈጽማቸው።

የትናየት


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ የትናየት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ የጾሙ መጨረሻና በዓሉ ተደራረበብኝ። ሁላችን ደኅና ነን። አባትሽም ደኅና ናቸው።

እንዳልሽው አደረግን። ፍሎረሰንቱን አወጣሁት፤ ስክሪኑን አጠፋሁ፤ ቤት ውስጥ ዝዝ የሚል ነገር አልቀረም። በኒቆዲሞስ ሳምንት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በጧፍ ብርሃን ቀዳናቸው። መርፌ ቢወድቅ ይሰማ ነበር። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ወደ አሸተን ወጡ። እስከ ፍልሰታ በአመክሮ ይቆያሉ፤ ከፍልሰታ በኋላ ነው የሚመነኩሱት። በገናውን ይዘውት ወጥተዋል።

ሲዲው ይኸውልሽ። ስለ በገናው እኔ ብዙ አላውቅም፤ የክራር ሰው ነኝ። ራስሽ ስሚው።

አብሽሪ፣ ደኅና ናቸው።

ምሥጋናው


በርገን፣ ግንቦት 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ምሥጋናው፣

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅር በለኝ።

ሲዲውን ሰማሁት። ንጹሕ ነው፤ እኛ ቲያትር ቤት ከሚቀረጸው ይልቅ ንጹሕ ነው። ድምፃቸው የአባዬ ነው። እንደ ድሮው ቃሉን ከመጨረሳቸው በፊት ትንሽ ይተነፍሳሉ። በገናው ግን የአባዬ አይደለም። አውታሩ ይነካል፤ ከመነካቱ ይሞታል። ያ ከነኩት በኋላ ብቻውን እየጮኸ የሚቆየው፣ ቤቱን የሚሞላው የለም። አንድ የደከመ ሰው በሩን ቆርቆር አድርጎ የሚተወው ነው የሚመስለው።

ምን ሆነው ነው? እጃቸው ነው? ወድቀው ነው? ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነው?

እናቴ ስትታመም «ደኅና ናት፣ አብሽሪ» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ደብዳቤው እጄ ሲገባ እሷ አርፋ ነበር። አሁን ያን ቃል ደብዳቤህ ላይ ደጋግመህ ጽፈኸዋል። አንተን ልወቅስ አይደለም። ልታሳዝነኝ ስላልፈለግህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ የማላውቀው ነገር ነው የሚገድለኝ።

ማርያምን፣ እውነቱን ጻፍልኝ።

የትናየት


ላሊበላ፣ ሰኔ 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ የትናየት፣

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ዝም አልኩ፤ ነቀዘ።

እውነቱን ልንገርሽ። በጧፉ ሲደረድሩ በገናው እንደከሳ እኔም ሰምቻለሁ። ዕድሜያቸው ነው፣ ጣታቸው ደክሟል አልኩ። ለእሳቸው ብናገር ያፍራሉ፤ ለአንቺ ብጽፍ ትሰቀቂያለሽ። ስለዚህ «ራስሽ ስሚው» ብዬ ጣልኩብሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ማሚቱ አንብባው አለቀሰችና «ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ!» አለችኝ። በማግስቱ አሸተን ወጣሁ።

አባትሽ ከገዳሙ አትክልት ቦታ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሽንብራ ይለቅማሉ። ደንገጥ ብለው ተነሡ።

«ምነው? ሰላም አይደላችሁም?»

«ሰላም ነን አጎቴ። የመጣሁት ለጣትዎ ነው።»

«ጣቴ ምን ሆነ?»

«የትናየት በገናውን ሰምታ ታመው ነው ብላ እንቅልፍ አጣች።»

ጣቶቻቸውን ዘርግተው አዩዋቸው፤ እኔም አየኋቸው። የገበሬ ጣት ነው የሚመስለው፣ ምንም አልሆነም። ወደ ማደሪያቸው ገቡና አንድ የተቋጠረ መሀረብ ይዘው ወጡ። ሲፈቱት እንዚራዎቹ ናቸው፤ ከአውታሩና አውታሩ ከሚያርፍበት እንጨት፣ ከብርኩማው፣ መሀል እየገቡ ለበገናው ዝዝታውን የሚሰጡት ቁራጭ ቆዳዎች፣ አሥሩም።

«ይኸው ያስቸገራት» አሉኝ።

አልገባኝም። «ማንን?»

«አንተ አይደለህ ያነበብክልኝ? ዝዝ የሚል አንድም እንዳይቀርብኝ፣ አንድ በአንድ አውጡ ብላለች። መብራቱን አንተ አወጣህ። የእኔን እኔ አወጣሁ።»

«አጎቴ፣ በገና ያለ እንዚራ ምን በገና ነው?»

«እሱን አንተ ለእኔ ልትነግረኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ከሄደች ስንት ዘመን ሆናት። የሰው ጆሮ የሚኖርበትን አገር ይመስላል። ጨርሳ ከምትተወኝ የማትወደውን ላውጣላት ብዬ ነው» አሉኝ።

እትዬ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው ሽንብራቸውን ቀጠሉ። «እንግዲያስ እንዚራውን ይመልሱና አሁኑኑ ልቅዳዎት» ብላቸው እምቢ አሉ። የምትወደውንና የማትወደውን ከራሷ ቃል ሳልሰማ አልነካውም ነው የሚሉት። ከፍልሰታ በኋላ ደግሞ ይመነኩሳሉ። ይህን እንግዲህ የምትጨርሺው አንቺ ነሽ።

እኔ ግን ተሳስቻለሁ። ይቅር በይኝ።

ምሥጋናው


በርገን፣ ሐምሌ 1 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለምሥጋናው፣

ስታለቅስ ያልነበርኩት እኔ ደብዳቤህን ይዤ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ አለቀስኩ። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ አንተም የእኔን ተቀበል። «ዝዝ የሚል አንድም እንዳይቀር» ብሎ ለበገና ቤት የሚጽፍ ሰው ምን ይባላል? የበገና ልጅ ሆኜ!

ከዚህ ጋር በእሽግ ትንሽ መቅረጫ ልኬልሃለሁ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው፤ መለዋወጫ ድንጋይም አለው። ኮረንቲ የለም፣ ስለዚህ እምምታ የለም፤ ኧርዝም አይፈልግም። ማሚቱን ከውሃ መቅዳት ለአንድ ቀን አሳርፍልኝ። ዝናብ እንዳይነካው ብቻ።

የሚቀጥለው ለአባዬ ነው። ቃል በቃል አንብብላቸው።

ለአባቴ ለመምህር ወልደ ኪዳን፣

ጉልበትዎን ስሜ፣ ምርቃትዎን ለምኜ ነው የምጽፍልዎት።

አባዬ፣ እኔ እንዲወጣ ያልኩት ማንም ሳይጠራው ከግድግዳ የሚመጣ የኮረንቲ ጩኸት ነው። የእርስዎን ዝዝታ አልነበረም። ልጅ ሆኜ በሁዳዴ መደቡ ላይ ተኝቼ እርስዎ ሲደረድሩ፣ ድምፁ በመደቡ ጭቃ በኩል መጥቶ ጥርሴን ይኮረኩረኝ ነበር። እማዬ «ተኚ» ትለኝ ነበር፤ እኔ ግን ጥርሴን ገጥሜ የትኛው አውታር እንደሆነ እገምት ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ የኤሌክትሪክና የድምፅን ነገር የመረጥኩት በዚያ ነው። ድምፅ እንዴት በእንጨትና በጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእርስዎም ጭምር።

እዚህ የምሰማው ሁሉ የተጣራ ነው። ሥራዬ ማጣራት ነው። ጆሮዬ ግን አገሩን አልቀየረም አባዬ። ከእርስዎ አውታር የማልወደው አንድም የለም። ያወጡትን ይመልሱልኝ። ከመመንኮስዎ በፊት አንድ ጊዜ እንደ ድሮው ይደርድሩልኝ።

ሊመነኩሱ መሆኑን ለምን እንዳልነገሩኝ አልጠይቅዎትም። እኔም ብቻዬን እንደሆንኩ ነግሬዎት አላውቅም።

ልጅዎ የትናየት


ላሊበላ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ የትናየት፣

እንኳን ለእመቤታችን ዕርገት አደረሰሽ። ወደ አሸተን የሚወስደውን መንገድ በክረምት አይተሽው እንደሆነ አላውቅም። መቅረጫውን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በጋቢ ደርቤ፣ ደረቴ ላይ አስሬው ጾሙ ሳይፈታ ወጣሁ። እኔ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፤ እሱ አንድ ጊዜም አልወደቀም።

ደብዳቤሽን ቃል በቃል አነበብኩላቸው። የጥርሱ ነገር ላይ ስደርስ «እንደገና» አሉኝ። አነበብኩ። «እንደገና» አሉኝ። ከዚያ በገናውን አወረዱት።

የቀዳሁት ከገዳሙ ዋሻ አፍ ላይ ነው። ነፋሱ ይነፍሳል፣ አንድ አባት ያስላሉ፣ ከታች የሰው ከብት ይጮሃል። «አጎቴ፣ ነፋሱ እስኪያልፍ እንጠብቅ?» ብላቸው «ነፋሱ የዚህ ቤት ነው፤ የት ይሂድልህ?» አሉኝ። እኔም እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ደረደሩ። ምን ልበልሽ፣ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ሰውነቴ ሁሉ ሰማው።

መጀመሪያው ላይ እንዚራውን ሲመልሱ ያለው ኳኳታና ወሬ ገብቶበታል፤ ሳላስበው አብርቼው ኖሯል። ልቆርጠው ብዬ ነበር። ባለሙያዋ አንቺ ነሽና ሳልነካው ልኬዋለሁ፤ ቁረጥ ካልሽኝ እዚህ ያለውን ቅጂ እቆርጠዋለሁ።

በተክለ ሃይማኖት ዕለት ይመነኩሳሉ። በገናው እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንዚራዎቹ እንደገቡ ናቸው።

ወንድምሽ ምሥጋናው


በርገን፣ መስከረም 5 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለምሥጋናው፣

እንኳን ከሺው ወደ ሺው አሸጋገራችሁ። ማሚቱንና አክስቴን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ዘመኑ ሁሉ የጤና ይሁንላችሁ።

አትቁረጠው። እንዳትነካው።

እሽጉ የመጣ ዕለት ከሥራ ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ መስማት ጀመርኩ። ሥሩ ላይ እምም የሚል ነገር ሰማሁና ደነገጥኩ፤ ለካ የእኔው ማቀዝቀዣ ነው። ነቀልኩት። መብራቱንም አጠፋሁ። ከዚያ ኩሽና ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

አንተ ኳኳታ ያልከውን ልንገርህ። አባዬ መጀመሪያ አውታሩን ባዶውን ይነኩታል፤ ድምፁ ወዲያው ይወድቃል። ከዚያ ቆዳውን ያስገባሉ። ገፋ ያደርጉታል፣ ሳብ ያደርጉታል፣ እንደገና ይነኩታል። ይነቃል። ዝዝታው ሲሞላ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተሰማሽ?» ይላሉ። አንተ ዕቃህን ስታስተካክል አልሰማሃቸውም። ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ይነኩታል፣ ያስገባሉ፣ ይነኩታል። «ተሰማሽ?» አሥሩንም እንደዚያ።

እኔም እያንዳንዱን «አዎ አባዬ፣ ተሰማኝ» እያልኩ መለስኩ፤ ጮክ ብዬ። ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ማን መጣላት ብላ ይሆናል። በአሥረኛው ላይ መልሴ ዘገየ፤ እሳቸውም ትንሽ ጠበቁ። ለምን እንደጠበቁ አላውቅም። ከዚያ ደረደሩ፤ እኔም ጥርሴን ገጥሜ ሰማሁ።

ማቀዝቀዣውን ነቅዬ ረስቼው አደርኩ። ጠዋት ወለሉ ውሃ ሆኖ ነበር፤ ውስጡ የነበረው አሣ ሁሉ ተበላሸ።

ለሚመጣው ሁዳዴ የዕረፍት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ይሰጡኛል። እስከዚያ ግን አንድ ጊዜ ወደ አሸተን ውጣልኝ። አሥሩንም ጊዜ የመለስኩት ለኩሽናው ግድግዳ ነውና፣ መልሱ እሳቸው ጋ አልደረሰም። ብዙ አትናገር፤ እንዴት እንዳለቀስኩም አትንገራቸው።

«ተሰምቷታል» በላቸው።

እኅትህ የትናየት